የ10,000 ዋት ውዳሴ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሦስት በአራት ሜትር ወደሆነች የኪራይ ክፍል፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ ጥንድ ስፒከር በባጃጅ አስጭኖ የሚገባ ሰው ሞኝ ይባላል። የሚሉት ብልሆቹ ናቸው። ብልሆቹ ራሳቸው ዘፈን የሚሰሙት በስልክ ነው፤ ድምፁ ሲያንሳቸው ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ይከቱታል። እኔ ላወድስ የተነሣሁት ሞኙን ነው። ሞኝነት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ውዳሴ አይገባውም። ይሄኛው ግን ገንዘብ የሚበላ፣ ቦታ የሚያጣብብ፣ እንቅልፍ የሚቀማ፣ በዚያውም ልክ ጆሮን የሚያሠለጥን ሞኝነት ነውና እስከ ዛሬ አወዳሽ ማጣቱ ያሳዝነኛል።

ክፍሏን ሶዶ የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ከዋናው ቤት ጀርባ ከተደረደሩት ሰርቪሶች አንዷ ናት። የጭቃ ግድግዳዋ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ወለሏ ሊሾ ነው፣ በላዩ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ኮርኒሷ ተሰፍቶ የተወጠረ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ከፍታዋን ሁለት ሜትር ተኩል ብንል ጠቅላላ የምትይዘው አየር 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። በዚህ ውስጥ አልጋ፣ ቡፌ፣ የውኃ ጄሪካን፣ የልብስ ሻንጣና ሰውየው ራሱ ይኖራሉ። ብልህ ይህን አይቶ «ቦታ የለም» ይላል። ሞኙ ክፍሏን የሚለካት ከስፒከሩ ጀምሮ ነው፤ ስፒከሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ሌላው ዕቃ የራሱን ይፈልግ።

«ልክህን እወቅ» የሚሉትም አሉ። ይህ ምክር በዚህች ከተማ ተሰሚነት ቢኖረው ኖሮ የእግር ኳስ ክለቧ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ሲደለደል ቤቱ ይቀመጥ ነበር። አልተቀመጠም፤ ሄዶ በመለያ ምት አሰናበተው። ልኩን የማያውቅ ሰው የሚያደርገውን ነገር ልኩን የሚያውቅ ሰው በሬዲዮ ይሰማዋል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «10,000 ዋት» ተጽፏል፤ አጠገቡ በትንሹ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» የሚል አለ። እዚህ ላይ ብልሁ ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ይጀምራል። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ 10 አምፔር ቢያሳልፍ የሚሰጠው 2,200 ዋት ነው፤ ታዲያ የቀረው 7,800 ዋት ከየት ይመጣል? ጥያቄው ልክ ነው። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ ምንም ዓይነት የታወቀ መለኪያ የማይገዛው፣ አምራቹ እንደ ልቡ የሚጽፈው ቁጥር ነው፤ ዕቃው ሳይቃጠል ያለማቋረጥ የሚሰጠው ትክክለኛ ጉልበት፣ አር.ኤም.ኤስ. የሚባለው፣ ከዚያ ቁጥር መቶኛ እጅ ላይደርስ ይችላል። ሞኙ ግን 10,000ን የሚቀበለው እንደ ስም ነው። ልጁን ሺበሺ ብሎ የሰየመን አባት ሺውን ቁጠርልኝ የሚለው የለም። ስሙ ልጁ እንዲሆን የተፈለገውን ይናገራል፤ ካርቶኑም እንደዚያው። ደግሞም ይህ ሰው የጎደለውን ዋት ከየት እንደሚያመጣው በኋላ እናያለን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የወላይታ ሰው ቁጠባን ከማንም አይማርም። ወንዶች ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በቡድን እየሆኑ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ለቅቤው እንዲሁ ያጠራቅማሉ። ሞኙ ከሁለቱ ጎን ሦስተኛ ቁጠባ ከፍቷል። በሬው በበዓሉ ሰሞን ያልቃል፣ ቅቤውም ይቀልጣል፤ ሦስተኛው ቁጠባ ግን የሚሰጠው ነገር አሥር ዓመት ክፍሉን ሞልቶ ይቆማል፤ ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥርም ከአልጋው በፊት ይጫናል።

የተሠራ ዕቃ መግዛት ያልቻለውና ያልፈለገው ደግሞ ወደ አናጺ ይሄዳል። ይህን ሞኝ አብልጬ አከብረዋለሁ። ከመኪና የወጣ ስፒከር ያገኛል፣ ቺፑድ ይገዛል፣ አናጺውን ሣጥን ሥራልኝ ይለዋል። አናጺው የድምፅ ምህንድስና አልተማረም፤ ሆኖም «ሣጥኑ ሲሰፋ ድምፁ ይወፍራል» ይላል፤ ትክክልም ነው። የስፒከር ሣጥን ሕግ ምሕረት የለውም፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በትንሽ ዋት ብዙ መጮህ ሦስቱ በአንድ ቤት አይኖሩም፤ ሁለቱን መርጠህ ሦስተኛውን ትተዋለህ። ስለዚህ ብልህ ሰው ትንሽ ሣጥን መርጦ ቤዙን ይተዋል። ሞኙ ከአናጺው ጋር ተማክሮ ትንሽነትን ይተዋል። ሣጥኑ ሲያልቅ በበሩ አልገባ ይላል፤ በሩ ይነቀላል፤ ሣጥኑ ይገባል፤ በሩ ይመለሳል። ይህ ቤቱን ለሙዚቃ ማስገዛት ነው፤ ኮንሰርት አዳራሽ የሚሠሩ መንግሥታትም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን አቀማመጥ። የዚህ ሙያ መጻሕፍት ስፒከሩን ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ከተቻለም አንድ ሜትር አርቀው ይላሉ። ሦስት ሜትር ስፋት ባላት ክፍል ይህን የፈጸመ ሰው ከአልጋው የሚወርደው በስፒከሩ ላይ ተራምዶ ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹ ወደ ጥግ ይሄዳሉ። ጥግ በመጻሕፍቱ ዘንድ የተወገዘ ቦታ ነው፤ እኔ ግን የድሀ አምፕሊፋየር ነው እላለሁ። ወፍራም ድምፅ ከስፒከሩ በሁሉም አቅጣጫ ይወጣል፤ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ይደመራል። በንድፈ ሐሳብ አንድ ገጽ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና አንድ ወለል ስለሚገናኙ ጭማሪው 18 ዴሲቤል ድረስ ይሄዳል። 18 ዴሲቤል ማለት አምፕሊፋየሩን 64 ጊዜ በሚበልጥ አምፕሊፋየር መተካት ማለት ነው። እውነተኛው ጉልበት 100 ዋት የሆነ ዕቃ ጥግ ላይ ሲቆም፣ ቢያንስ በቤዙ በኩል፣ የ6,400 ዋት ሥራ ሊሠራ ይሞክራል። ካርቶኑ ላይ የጎደለውን የሚሞሉት እነዚህ የጭቃ ግድግዳዎች ናቸው። አምራቹ ይህን አስቦ ጽፎት እንደሆነ አልከራከርም፤ ለሞኙ ግን ቃሉ ሊፈጸም ምንም ያህል አልቀረውም።

ክፍሏም ዝም ብላ አትቀመጥም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ማለትም በሶዶ ደህና ቀን፣ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። በአራት ሜትሩ ግድግዳና ግድግዳ መካከል እየተመላለሰ 43 ኸርዝ ላይ ይቆማል፤ በሦስት ሜትሩ 57 ኸርዝ ላይ፤ በወለልና በኮርኒስ መካከል 69 ኸርዝ ላይ። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ከእነዚህ ሦስት ድምፆች አጠገብ በደረሰ ቁጥር ክፍሏ ከእሱ ነጥቃ ራሷ ትዘፍናለች፤ ከእነሱ በራቀ ቁጥር ደግሞ ትተወዋለች። እንዲህ ባለች ክፍል ከ250 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት። ብልህ «ቤዙ ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ አይመጣጠንም» ብሎ ዕቃውን ሊመልስ ይሄዳል። ሞኙ ግን ከባንዱ ጋር አንድ ተጨማሪ ተጫዋች እንዳለ ይረዳል። ይህች ተጫዋች ኪራይ ይከፈልባታል፤ ልትጫወት ይገባታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የእንግዳ አቀባበልን ይነካል፤ ስለዚህ ቆም ብዬ ላስረዳ። እነዚህ የቆሙ ድምፆች የሚበረቱት ግድግዳና ጥግ ላይ ነው፤ የክፍሉ መሀል ላይ ግን ይጠፋሉ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ ወደ 1.2 ሜትር ይርቃል፤ የክፍሏ የከፍታ እኩሌታ ደግሞ 1.25 ነው። እንግዲህ በባህላችን እንግዳ ሲመጣ ያለችው አንድ ወንበር ተጠርጋ መሀል ትቀመጥለታለች፤ ባለቤቱ ግድግዳው ሥር አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። በፊዚክስ በኩል ሲታይ ባለቤቱ ቤዙን ሙሉ በሙሉ ወስዷል፤ እንግዳው በርዝመትም፣ በስፋትም፣ በከፍታም ባዶ በሆነው ነጥብ ላይ ተቀምጦ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ግን ቀጠን ይላል» ይላል። ይህን ያወቀ ሞኝ እንግዳውን እጁን ይዞ ጥግ ያስቀምጠዋል። ዘመድ ቅር ይለዋል፤ ጥግ የተቀጣ ልጅ ቦታ ነው። ነገር ግን ያንን እንግዳ ያከበረው ሰው ማን እንደሆነ ዘፈኑ ሲጀመር ይታወቃል፤ ከበሮው ከጀርባው ሲመጣ ሰውየው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ትከሻውም ሳያስበው ይነሣል።

ክፍሏን ለመግራት የሚሞክሩ አሉ። መጀመሪያ ያጨበጭባሉ፤ ሊሾና የተለሰነ ግድግዳ የጭብጨባውን ድምፅ እየተቀባበሉ ያንቀጠቅጡታል። ይህን ጋቢ ያድነዋል። ግድግዳው ላይ ቡሉኮ የሰቀለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ የደረበ፣ ፍራሹን ቀን ቀን ግድግዳ ላይ የሚያቆም ሰው የቀጭኑን ድምፅ ብጥብጥ በአንድ ከሰዓት ያበርደዋል። ከእንሰት የሚወጣው ቃጫም በጆንያ ተሞልቶ ቢቆም እንዲሁ ያገለግላል፤ ድምፅ የሚበሉ ዕቃዎች አብዛኞቹ በመሠረቱ አየር የሚያሳልፍ ጭረት ናቸው። ቤዙ ላይ ሲደረስ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። 57 ኸርዝ ላይ አንድ ሞገድ 6 ሜትር ይረዝማል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በደንብ ለመዋጥ የሞገዱ ሩብ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ወይም ቃጫ ያስፈልጋል። በአንዱ ግድግዳ 1.5፣ በትይዩው 1.5፤ ድምሩ 3 ሜትር፤ የክፍሏ ስፋትም 3 ሜትር ነው። ስለዚህ ፍጹም የሆነ ቤዝ የሚገኝበት ክፍል አለ፤ ሰው ግን አይገባበትም። ሞኙ እዚህ ላይ ስሌቱን አጥፎ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ከክፍሏ ጋር ታርቆ ይኖራል። ብልሆች ከቤታቸው ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ላይ ሲደርሱ አላየሁም።

ከዚያ ፍለጋው ይጀምራል። ዘፈኑ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ቤዙን ተከትሎ የሆነ ነገር «ዝርርር» ይላል። ስፒከሩ ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል። አልተቀደደም፤ ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ነው። ብርጭቆው ይነሣል፤ ዝርርታው ይቀጥላል፤ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያው ላይ ወረቀት ይጠቀጠቃል፤ አሁን የተሰማው ከላይ ነው፤ የቆርቆሮ ምስማር ላልቷል። እንዲህ እሑድን ሙሉ ቤቱን በጆሮው ይዞረዋል። በክረምት የሚያፈሰውን ቀዳዳ ዝናብ ሳይጀምር ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ብልህ ጎረቤቱ ቀዳዳውን ያገኘው ሐምሌ ላይ፣ አልጋው ሲረጥብ ነው።

ስፒከሮቹ ላይ ዳንቴል ይደረጋል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። በዚህ የሚያፌዙ ከተሜዎች አሉና ላስታውሳቸው፦ የፋብሪካ ስፒከር ፊቱን የሚሸፍነው ጨርቅ ራሱ ስስና ወንፊታም የሆነው ድምፁ እንዲያልፍ ነው፤ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ቀዳዳው ከዚያ ይሰፋል። እናት ለልጇ ስፒከር ዳንቴል ስትሠራ ከፋብሪካው መሐንዲስ ጋር ተስማምታለች። አበባው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ይውረድ።

ስቴሪዮ የሚባለው ነገር ግን ገና አልተጀመረም። አላን ብሉምላይን የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲኒማ ቤት ገብቶ ተዋናዩ በአንድ ጎን እየሄደ ድምፁ በሌላ ጎን ሲመጣ ስላልተዋጠለት በ1931 እ.ኤ.አ. ለሁለት ስፒከር ድምፅ ፓተንት አስገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ይህ ሲሆን ዘፋኙ ከግራም ከቀኝም አይመጣም፤ ምንም ስፒከር በሌለበት በመሀል ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። ብዙዎቹ የቆዩ የአማርኛ ሸክላዎች ሞኖ ናቸው፤ ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ነገር ይላሉ፤ ጥላሁን ገሠሠ ታዲያ ቡፌው ፊት፣ ከጄሪካኑ በላይ ቆሞ ይዘፍናል። ለዚህ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ቀዩ ሽቦ በሁለቱም ስፒከሮች ቀዩ ላይ፣ ጥቁሩም ጥቁሩ ላይ መታሰሩ ነው፤ በአንደኛው ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም መቆሚያ ያጣል። ሁለተኛው ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ከጆሮ እኩል መሆኑ ነው። ደረት የሚደርስ ስፒከር ትዊተሩ አናቱ ላይ ስለሆነ አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው ከታች ይቀራል። ብልህ አጠር ያለ ስፒከር ይገዛል። ሞኙ አራት ብሎኬት ገዝቶ አልጋውን ከፍ ያደርገዋል። ከአልጋው ሥር ለሻንጣውና ለጄሪካኑ ቦታ ተገኘ። «ቦታ የለም» ያሉት እነማን ነበሩ?

መብራቱን ሳላነሣ ብቀር የሶዶ ሰው ይታዘበኛል። ከወላይታ ምዕራብ፣ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት አለ፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህችው ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከም መስመር አለ፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ መስመር ከሌሎቹ የሚለየው የሚሄደው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው፤ ሶዶ ያለው ጣቢያ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ አድርጎ ይሰድደዋል። እንግዲህ አምፕሊፋየሩን ብትከፍተው የምታገኘው ይህንኑ ነው፤ ከሶኬት 220 ቮልት ተለዋዋጭ ይገባል፣ በአራት ዳዮድ ይቀናል፣ በካፓሲተር ይረጋል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይሆናል። በከተማው ዳር ያለው ግዙፍ ጣቢያና ቡፌው ላይ ያለው ሣጥን የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሞኙ እንደ ጎረቤቶቹ አይማረርም። ኩራዝ ወይም የስልክ መብራት ያበራል፣ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ ይመልሳል፣ መብራት ሲመለስ ዕቃውን እንዳይመታው ሶኬቱን ይነቅላል፣ ስታቢላይዘሩንም ያጠፋል። ይህን ሥርዓት በየጊዜው የሚፈጽም ሰው ትዕግሥት የት ተማርክ ቢሉት መልስ አለው።

አሁን ወደ ከፍተኛው ሞኝነት ደረስኩ፤ ያለዚህ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነበር።

አከራይዋ ስፒከሩ በገባ ዕለት በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲጮህ ግድግዳዬ ይሰነጠቃል» ይላሉ። እሱም «አይጮህም እማማ» ይላል። እሳቸውም «ካልጮኸ ለምን ገዛኸው?» ይላሉ። ብልሆች ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ እስካሁን በአግባቡ የመለሰላቸው ስለሌለ እኔ ልመልስ።

ደህና የሆነ ትልቅ ስፒከር አንድ ዋት ሲገባበት በአንድ ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። 90 ዴሲቤል ብዙ ነው፤ የጆሮ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳሉ፣ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳሉ፤ 100 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ነው። የአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ደግሞ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ሦስት በአራት በሆነች ክፍል፣ ከስፒከሩ በሁለት ሜትር ርቀት ተቀምጦ፣ ጎረቤት ሳይቀሰቅስ የሚያዳምጥ ሰው የሚያስፈልገው ከአንድ ዋት በታች ነው። እናም ይህ ሰው 10,000 ዋት ገዝቶ፣ በር ነቅሎ፣ አልጋ ሰቅሎ፣ የሚጠቀመው አንዱን ዋት ነው። 9,999 ዋት ክፍሏ ውስጥ ተኝቷል።

ለአንድ ዋት አንድ ዋት የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን ይበቃ ነበር ይሉኛል። አይበቃም። ትንሹ ሣጥን በአንድ ዋት ይጨነቃል፤ ከበሮው ሲመታ ሌላውን ሁሉ ያጨልማል፣ ቤዙንም ከነጭራሹ አያውቀውም። ትልቁ በአንድ ዋት ዘና ብሎ ይናገራል። የክራር ክር ከተመታ በኋላ እንዴት እንደሚከስም ይሰማል። ዘፋኙ ቀጣዩን ስንኝ ከመጀመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ይሰማል፤ እኔ ከልጅነቴ የማውቀውን ዘፈን በእንዲህ ያለ ክፍል ስሰማ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ያ ትንፋሽ ነው፤ በስልክ፣ በታክሲ፣ በሠርግ ድንኳን ሺህ ጊዜ ሰምቼው ሰውየው ይተነፍስ እንደነበር አላውቅም ነበር። ያንን ለመስማት ሲሉ በር መንቀል ልክ ነው። ሌላ ማንኛውም ዓይነት ሀብታም ያለውን ያሳያል፤ ይህ ሰው ያለውን ከአሥር ሺህ አንድ ብቻ እየቆነጠረ፣ ቀሪውን ለጎረቤቱ እንቅልፍ ይተዋል።

አከራይዋም በጊዜ ብዛት ለመዱ። ወላይታ ከ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ወንጌል ሲሰበክባት የኖረች ምድር ናት፤ እሑድ ጠዋት በሶዶ መዝሙር የማይሰማበት ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ሞኙም እሑድ እሑድ የወላይትኛ መዝሙር በዚያችው አንድ ዋት ይከፍታል። እማማ መጀመሪያ ልብስ ለማስጣት ብለው በመስኮቱ በኩል ያልፋሉ። በሌላው እሑድ ልብስ ሳይዙ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ወንበር ይዘው ይመጣሉ፤ እሱም ሳይናገር ወንበሩን ከመሀል አንሥቶ ጥግ ያደርግላቸዋል። ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

9,999ኙ ዋት የሚነሣበት ቀን ግን አለ። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። በሬው ተጥሏል፣ ቁርጡ ቀርቧል፣ ሙቹዋ የሚባለው ምግብ በቅቤ ርሷል፣ የበርበሬው ዳታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ግቢው «ዮዮ ጊፋታ» በሚል ሰው ይሞላል። በዚያ ቀን የክፍሏ በርና መስኮት ይከፈታሉ። ስፒከሮቹ ከጥጋቸው አይነሡም፤ መነሣትም አያስፈልጋቸውም፤ ምክንያቱም በሯ ስትከፈት ክፍሏ ራሷ ሣጥን ትሆናለች፣ በሯ የሣጥኑ ቀዳዳ፣ ግቢው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የጠፋው አዳራሽ። የሚቆም ሞገድ የለም፣ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ ድምፁ ወጥቶ በዳሞታ ተራራ በኩል ይሄዳል። ወገብ የሚያውቅ ሁሉ ወገቡን ይዞ መሀል ይገባል።

የመጀመሪያውን የሚያስመርጡት አከራይዋን ነው፤ ቤቱ የእሳቸው ነው። እሳቸውም የእሑዱን የወላይትኛ መዝሙር ያዝዛሉ። ልጁ የለመደ እጁ ነውና ማዞሪያውን እዚያችው አንድ ዋት ላይ ያደርገዋል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ድረስ ይመጣሉ፤

«ምን ታንሾካሹከዋለህ ልጄ? ጨምረው እንጂ!»